«ንጹሕ ነው» ከማለታችን በፊት፦ በመጠጥ ውኃ ውስጥ ያሉ ቫይረሶችን ስለ መለየት

(ለአጥቢያ ሰበካ ጉባኤያትና ለውኃ ኮሚቴ አባላት በተዘጋጀ የምክክር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ በመጠጥ ውኃ ውስጥ በሽታ አምጪ ቫይረሶችን መለየትን የሚመለከት ነው። ርእሱ ሲሰሙት ለቤተ ሙከራ ባለሙያዎች እንጂ ለእኛ የተሰጠ አይመስልም። ነገር ግን ምንጩን የሚያሳጥረው፣ ቦኖውን የሚያስጠብቀው፣ ሕዝቡንም «ጠጡ» ወይም «ቆዩ» የሚለው የአጥቢያው ኮሚቴ ነውና ነገሩ የእኛም ነው። በእኔ በኩል ደግሞ ስለዚህ ጉዳይ እንድጠይቅና እንድማር ያስገደደኝ አንድ የራሴ ስሕተት አለ። ንግግሬን ከእርሱ እጀምራለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንዲት የገጠር አጥቢያ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ግርጌ የሚፈልቀውን ምንጭ አጎልብተን ለሕዝቡ አስረከብን። በሚያዝያ ወር ናሙና ተወስዶ ወደ ቤተ ሙከራ ተላከ፤ ውጤቱም መልካም ሆኖ መጣ። በእሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወረቀቱን ይዤ በምእመናን ፊት ቆምሁና «ውኃችሁ ንጹሕ ነው፤ ያለ ሥጋት ጠጡ» አልሁ። ሕዝቡ እልል አለ። ወረቀቱም በሰበካ ጉባኤው ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ ተለጠፈ።

የዚያ ዓመት ክረምት ኃይለኛ ነበር። በሐምሌ ጎርፉ ከላይ ካለው መንደር ወርዶ በምንጩ ራስ ላይ አለፈ። ምንጩ ሁለት ቀን ደፍርሶ ጠራ፤ ሲጠራም ሁሉ ረሳው። በመስከረም መጀመሪያ ግን ዐይናቸው ቢጫ የሆነ፣ እህል የሚያስጠላቸው፣ ጉልበታቸው የከዳቸው ሰዎች በመንደሩ ታዩ። ሕዝቡ እንደ ልማዱ «የወፍ በሽታ ነው» አለ፤ የሌሊት ወፍ ያመጣው ነው ብሎ ስላመነም ውኃውን የጠረጠረ አልነበረም። ከታመሙት አንዲቱ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ወደ ሆስፒታል ተወስዳ እርሷ በእግዚአብሔር ቸርነት ተረፈች፤ በማኅፀኗ የነበረው ልጅ ግን አልተረፈም።

በጥቅምት ሄደን ናሙና ወስደን ዳግመኛ አስመረመርን። ውጤቱ አሁንም ንጹሕ ሆኖ መጣ። ቄሰ ገበዙ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ይዘው «ልጄ፣ ሁለቱም ንጹሕ ይላሉ። ለመሆኑ ምን ፈልገው ነው ያጡት?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። በሽታው ከዚያ ውኃ መምጣቱን ዛሬም በማስረጃ መናገር አልችልም፤ ቫይረስ የፈለገ ሰው አልነበረምና። የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ እኔ ወረቀቱ ከተናገረው በላይ ተናግሬ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቄሰ ገበዙን ጥያቄ ይዤ ባለሙያዎችን ጠየቅሁ፤ የተረዳሁትንም እነሆ አቀርባለሁ።

ወረቀቱ የሚናገረውና የማይናገረው

በአገራችን የገጠር ውኃ በተለምዶ የሚመረመረው ኢ. ኮላይ ለተባለው ባክቴሪያ ወይም ለቅርብ ዘመዶቹ ነው። ኢ. ኮላይ በሰውና በእንስሳት አንጀት ውስጥ የሚኖር ተሕዋስ ነው። በውኃ ውስጥ ከተገኘ ዐይነ ምድር ወደ ውኃው መግባቱን ያመለክታል። በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ መሠረት በ100 ሚሊ ሊትር የመጠጥ ውኃ ውስጥ አንድም መገኘት የለበትም። ምርመራው ርካሽ ነው፤ በአንድ ቀን ገደማ ውጤቱ ይታወቃል፤ ብዙ ሕይወትም አድኗል። ስለዚህ ማንም ከዚህ ተነሥቶ «ምርመራው ዋጋ የለውም» እንዳይል አደራ እላለሁ። ኢ. ኮላይ ተገኘ የሚል ወረቀት የታመነ የአደጋ ደወል ነው።

ችግሩ በተቃራኒው በኩል ነው። ኢ. ኮላይ አልተገኘም ማለት ቫይረስ የለም ማለት አይደለም። ምክንያቱን በሦስት ነጥብ ላስረዳ።

አንደኛው መጠናቸው ነው። የሄፓታይተስ ኢ ቫይረስ ከባክቴሪያው ወደ 60 ጊዜ ያህል ያንሳል። ባክቴሪያውን በአንድ ክንድ ርዝመት ብንመስለው ቫይረሱ ከትንሿ ጣት ውፍረት በታች ነው። ስለዚህ አፈርና አሸዋ ባክቴሪያውን ይዘው ሲያስቀሩ ቫይረሱ ሊያልፍ ይችላል። ብዙ የሸክላ ማጣሪያዎችም እንዲሁ ናቸው፤ ባክቴሪያን በሚገባ ያስቀራሉ፤ ለቫይረስ ግን ብቻቸውን አይበቁም። በነጠላ ማጥለል ጉድፍን እንጂ ቫይረስን አያስቀርም።

ሁለተኛው ዕድሜያቸው ነው። ቫይረስ ከሕያው ሕዋስ ውጭ አይራባም፤ በውኃ ውስጥም አይበዛም። ነገር ግን ቀዝቃዛና ጨለማ በሆነ የከርሰ ምድር ውኃ ውስጥ ኢ. ኮላይ ከሞተ በኋላም ለሳምንታት፣ አንዳንዱም ለወራት የማሳመም ኃይሉን እንደ ያዘ ሊቆይ ይችላል። ጠቋሚው ሞቶ የሚጠቁመው ነገር ግን በሕይወት ይኖራል ማለት ነው።

ሦስተኛው ብዛታቸው ነው። በሮታ ቫይረስ የታመመ ሕፃን ከአንድ ግራም ዐይነ ምድር ጋር በቢሊዮን የሚቆጠሩ ቫይረሶችን ያወጣል፤ ሌላውን ሕፃን ለማሳመም ግን በጣም ጥቂቶቹ ይበቃሉ። ጥቂቶቹ በብዙ ውኃ ውስጥ ሲበተኑ አንድ ጠርሙስ ናሙና አያገኛቸውም፤ ቀኑን ሙሉ ከዚያ ምንጭ የሚጠጣ መንደር ግን ያገኛቸዋል።

ከዴልሂ የተገኘ ትምህርት

ይህ በአሳብ ብቻ የሚነገር ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1955 መጨረሻ በሕንድ ርእሰ ከተማ በዴልሂ የያሙና ወንዝ ከጎርፍ በኋላ መሄጃውን ቀየረ። የከተማውን ፍሳሽ የሚሸከመው ቦይ ውኃም ወደ ኋላ ተመልሶ በዋዚራባድ ወደሚገኘው የመጠጥ ውኃ መሳቢያ ደረሰ። የጣቢያው ሠራተኞች አደጋውን አይተው ክሎሪን ጨመሩ። ባክቴሪያ የሚያመጣቸው ታይፎይድና የደም ተቅማጥ በዚያ ወቅት ጨምረው አልታዩም። ከሳምንታት በኋላ ግን ወደ 29,000 የሚጠጉ ሰዎች ዐይናቸው ቢጫ ሆኖ ታመሙ። በሽታው በነፍሰ ጡሮች ላይ ይበልጥ የከፋ ነበር።

ልብ እንበል፤ ሕክምናው ባክቴሪያውን ገታ፤ ቫይረሱ ግን አለፈ። በዚያ ጊዜ ያ ቫይረስ መኖሩ እንኳ አይታወቅም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1983 ሚኻኢል ባላያን የተባለ ሩሲያዊ ሳይንቲስት ከሕሙማን የተወሰደ ናሙና ጠጥቶ በራሱ ላይ ከሞከረ በኋላ ቫይረሱን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አየው። ዛሬ ሄፓታይተስ ኢ የምንለው እርሱ ነው። ከዴልሂ ሕሙማን ተወስዶ የተቀመጠው ደም ከብዙ ዓመታት በኋላ ሲመረመርም ተጠያቂው ይኸው ቫይረስ ሆኖ ተገኘ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ከደቡብ ሱዳን ጦርነት ሸሽተው በጋምቤላ በተጠለሉ ስደተኞች መካከል ይህ በሽታ ተነሥቶ ከ1,000 በላይ ሰዎች በበሽታው ተጠርጥረዋል። ሰው በተጨናነቀበት፣ መጸዳጃ ባነሰበትና ጎርፍ በሚያጥለቀልቅበት ቦታ የሚመጣ በሽታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በእርግዝናቸው የመጨረሻ ሦስት ወራት በሄፓታይተስ ኢ ከሚያዙ እናቶች መካከል ከመቶ እስከ 20 ወይም 25 የሚሆኑት ሊሞቱ ይችላሉ። ያችን እናት በማስብበት ጊዜ ሁሉ ይህ ቁጥር ይታወሰኛል።

ቫይረስ እንዴት ይፈለጋል?

ታዲያ ቄሰ ገበዙ እንደ ጠየቁት፣ ቫይረሱን ለምን አንፈልገውም? ይቻላል፤ ነገር ግን ሥራው ከባድ ነው።

በመጀመሪያ ብዙ ውኃ ያስፈልጋል። ቫይረሶቹ ጥቂትና የተበተኑ ስለሆኑ ባለሙያዎች ከአሥር እስከ ብዙ መቶ ሊትር ውኃ ቫይረስን ይዞ በሚያስቀር ልዩ ማጣሪያ ያሳልፋሉ። ከዚያም ማጣሪያው የያዘውን በጥቂት ፈሳሽ አጥበው ያወጡታል፤ ያንንም እንደ ገና ያጠራቅሙታል። ብዙ በርሜል ውኃ በመጨረሻ በአንዲት ትንሽ ብልቃጥ ይጠቃለላል።

ቀጥሎ ምርመራው ይመጣል። አንዱ መንገድ በኮቪድ ወረርሽኝ ጊዜ ሁላችንም ስሙን የሰማነው ፒ ሲ አር ነው። ይህ የቫይረሱን ዘረመል አባዝቶ ያሳያል፤ ፈጣንና ጥንቁቅ ነው። ነገር ግን የሞተውን ቫይረስ ዘረመል ከሕያው አይለይም፤ ክሎሪን የገደለው ቫይረስም «ተገኘ» ሊባል ይችላል። ሌላው መንገድ ናሙናውን በቤተ ሙከራ በሚያድጉ ሕዋሳት ላይ ማድረግና ሕዋሳቱ ይታመሙ እንደ ሆነ መጠበቅ ነው። ይህ ሕያውነቱን ያረጋግጣል፤ ሆኖም ቀናትን፣ አንዳንድ ጊዜም ሳምንታትን ይወስዳል፤ በዚህ መንገድ ለማሳደግ የሚያስቸግሩ ቫይረሶችም ብዙ ናቸው።

በመካከል የሚገኝ ሦስተኛ መንገድ አለ። ኮሊፌጅ የተባሉ፣ ሰውን ሳይሆን ኢ. ኮላይን ብቻ የሚያጠቁ ቫይረሶች አሉ። በጠባያቸው የሰውን አንጀት ቫይረሶች ስለሚመስሉና ምርመራቸው ርካሽ ስለ ሆነ፣ እነርሱ ከተገኙ ሌሎቹም ሊያልፉ እንደሚችሉ ይጠቁማሉ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው የመጠጥ ውኃ መመሪያ ኮሊፌጅን ከመጣራቱ በፊት ያለውን ውኃ መከታተያ አድርጎ አስገብቶታል።

ከሁሉ በላይ ግን ልናስተውለው የሚገባ የጊዜ ነገር አለ። ሄፓታይተስ ኢ ወደ ሰው ከገባ በኋላ ምልክቱ እስኪታይ ከሁለት እስከ አሥር ሳምንት ይወስዳል። ሰዎች በመስከረም ቢጫ ሲሆኑ የጠጡት የሐምሌን ውኃ ሊሆን ይችላል። እኛ በጥቅምት የቀዳነው ናሙና የጥቅምትን ውኃ ነው የተናገረው። የሐምሌው ውኃ አልፎ ሄዷል። ለቄሰ ገበዙ ጥያቄ መልሱ ይህ ነበር፤ የፈለግነው ሌላ ተሕዋስ፣ የፈለግነውም በሌላ ወቅት ነበር።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

የየአጥቢያችን ኮሚቴዎች በየወሩ ቫይረስ ያስመርምሩ ብል ከእውነታው የራቀ ነገር መናገር ይሆንብኛል። ምርመራው ለምልክት ሲፈለግና ወረርሽኝ ሲነሣ በመንግሥት የጤና ተቋማት በኩል የሚጠየቅ ነው። በእጃችን ያለው ግን ጥቂት አይደለም።

የመጀመሪያው ወረቀትን ማንበብ ነው። የምርመራ ውጤት ሲመጣ አራት ነገር እንጠይቅ። ምን ተፈለገ? መቼ ተቀዳ? ከየት ተቀዳ፤ ከምንጩ ዐይን ነው፣ ከቦኖው ነው፣ ወይስ ከቤት ጀሪካን? ከዚያ ቀን ወዲህስ ምን ተለወጠ? በበጋ የተወሰደ ናሙና ስለ ክረምት አይመሰክርም። በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ማስመርመር የምንችል ከሆነ አንዱ ከመጀመሪያዎቹ ኃይለኛ ዝናቦች በኋላ ይሁን።

ሁለተኛው ምንጩን መጠበቅ ነው። ጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ከምንጩ በላይ በኩል ይቆፈር፤ ክረምት ከመግባቱ በፊትም ይጠረግ። የምንጩ ራስ ይታጠር፤ ከብት አይግባበት። የመያዣው ክዳን ስንጥቅ ይደፈን። መጸዳጃ ቤት ከውኃው ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፤ ከምንጩ በታች በኩልም ይሁን። ድንጋዩ ስንጥቅጥቅ በሆነበት ቦታ ቫይረስ ከዚህ እጅግ ርቆ ሊጓዝ ይችላልና ርቀቱን የወረዳው የውኃ ባለሙያ አይቶ ይወስን።

ሦስተኛው ውኃውን ማከም ነው። ክሎሪን በአግባቡ ከተጠቀሙበት ሄፓታይተስ ኢንም ሆነ ሮታ ቫይረስን ይገታል። አግባቡ ሁለት ነው፤ ውኃው የጠራ መሆኑና ጊዜ ማግኘቱ። ቫይረሶች በጭቃና በዐይነ ምድር ቅንጣት ውስጥ ተሸሽገው ከክሎሪን ያመልጣሉ። ስለዚህ የደፈረሰ ውኃ በመጀመሪያ ይጥለል፤ ከዚያ ክሎሪን ይግባበት፤ 30 ደቂቃም ይቆይ። ከዚያ በኋላ በአንድ ሊትር ቢያንስ 0.5 ሚሊ ግራም ነጻ ክሎሪን ሊቀር ይገባዋል፤ ይህንንም ውኃውን ወደ ሮዝ ቀለም በሚለውጥ ቀላል መለኪያ ኮሚቴው ራሱ ሊያየው ይችላል። በየቤቱ ውኃ አጋርን የመሰለ መድኃኒት የሚጠቀሙ በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን መጠን ይከተሉ። ክሎሪን በሌለበት ማፍላት ቫይረስን ፈጽሞ ይገድላል፤ ውኃው ከተንተከተከ በኋላ አንድ ደቂቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ባለ ደጋ ደግሞ ሦስት ደቂቃ ይቆይ።

አራተኛው ፈጥኖ ማሳወቅ ነው። በአንድ መንደር ውስጥ በአንድ ወር ሁለት ወይም ሦስት ሰው ዐይኑ ቢጫ ከሆነ «የወፍ በሽታ ነው» ብሎ ማለፍ ይብቃ። በዚያው ቀን ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ይነገር፤ ነፍሰ ጡር እናቶችም የፈላ ውኃ ብቻ እንዲጠጡ በቤተ ክርስቲያን ይታወጅ። ሰባኪው ከሚያስተላልፋቸው ማስታወቂያዎች ይህን የመሰለ ሕይወት አዳኝ ጥቂት ነው።

ስለ ጸበል ቦታዎች

አባቶቼ ይፍቀዱልኝና አንድ ነገር ልጨምር። በጸበል ቦታዎች ብዙ ሕዝብ ከሩቅ ይመጣል፤ ሕሙማንም ይመጣሉ፤ በጀሪካንም ቀድተው ወደ ቤታቸው ይወስዳሉ። በጸበሉ ላይ ክሎሪን ስለ መጨመር የሚነሣውን ጥያቄ አባቶች ይወስኑበታል፤ እኔ የምናገርበት አይደለም። ነገር ግን ጥያቄ የማያስነሡ ሥራዎች አሉ። የሚጠመቁበትና የሚቀዱበት ስፍራ ይለይ። ከተጠማቂዎች የሚወርደው ውኃ በቦይ ወደ ታች ይውረድ፤ ወደ መቅጃው አይመለስ። ለምእመናኑ ብዛት የሚበቃ መጸዳጃ ቤት ከምንጩ በታች ይሠራ፤ እጅ መታጠቢያም አይጥፋ። ይህ ሁሉ ለቅዱሱ ቦታ የሚገባ ክብር እንጂ የእምነት ማነስ አይደለም። ነቢዩ ኤልሳዕም የኢያሪኮ ሰዎች ስለ ክፉ ውኃቸው ሲጮኹለት በየቤቱ እንስራ አልተከራከረም፤ ወደ ውኃው መፍለቂያ ወጣ።

እኔም በመጨረሻ ወደዚያች አጥቢያ ተመለስሁ። በምንጩ በላይ በኩል ቦይ ተቆፈረ፤ ሁለት መጸዳጃ ቤቶች ተዘጉ፤ በሌላ ስፍራም ተሠሩ። በቀጣዩ ዓመት አዲስ ውጤት ሲመጣ ቄሰ ገበዙ በምእመናን ፊት እንድናገር ጠየቁኝ። በዚህ ጊዜ እንዲህ አልሁ፦ «በሰኔ 12 ቀን ከቦኖው በተቀዳው ውኃ ውስጥ ኢ. ኮላይ አልተገኘም። ቫይረስ አልተመረመረም። ቦዩን ጥረጉ፤ ክሎሪኑን አታቋርጡ፤ ነፍሰ ጡሮችና ሕፃናት የፈላ ይጠጡ።» በዚያን ቀን እልልታ አልነበረም። ቄሰ ገበዙ ግን የድሮውን ወረቀት ከግድግዳው አንሥተው በምትኩ የቦይ ጠረጋ ተረኞችን ስም ዝርዝር ለጠፉ።

ወደየአጥቢያችሁ ስትመለሱ እንዲሁ በግድግዳችሁ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት እንድታነቡት፣ ቀኑንም እንድታዩ፣ ከዚያም ወደ ምንጩ እንድትወጡ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።